ስለ ቼዝ አጀማመር
(በተመራቂዎች የመገናኛ ቀን ደብረ ማርቆስ ላይ የቀረበ ንግግር)



አዘጋጆቹ «ከሕክምና ውጪ የሆነ ነገር ተናገሪ» ስላሉኝ ስለ ቼዝ እናገራለሁ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እዚሁ ደብረ ማርቆስ ከተማሪ ሐኪሞች ጋር እንጫወታለን። ልጆቹ ጎበዞች ናቸው፤ ከስልካቸው አሥርና አሥራ አምስት እርምጃ ሸምድደው ይመጣሉ። ተጋጣሚው በአራተኛው ላይ ያልተጠበቀ ነገር ሲያደርግ ግን ሰሌዳው ላይ ያፈጣሉ። የሸመደዱት አልቋላ! እርምጃውን እንጂ ምክንያቱን አላጠኑትም። በሽተኛም እኮ መጽሐፉን አንብቦ አይመጣም።

ምክንያቱ ደግሞ ብዙ አይደለም። ለልጆቹ የምላቸው ይህን ነው፦ አራቱን የመሐል ቤቶች ተሻሙ፤ መሐል የቆመ ፈረስ ስምንት ቤት ይደርሳል፣ ጥግ የቆመ ሁለት ብቻ። ፈረሶቹንና ቢሾፖቹን ቶሎ አውጡ። ንጉሡን ካስል አድርጋችሁ ከመሐል አሽሹት። ንግሥቲቱን ግን አትቸኩሉባት፤ ቀድማ ከወጣች ተጋጣሚ በትናንሾቹ እያባረራት የራሱን ሠራዊት ያወጣል። ደቦው ሳይሰበሰብ ብቻውን አጨዳ የጀመረ ሰው የት ይደርሳል?

ይህም ቢሆን በጭፍን አይሠራም። የነጩ ንግሥትና ቢሾፕ በጥቁሩ ንጉሥ አጠገብ ባለው ወታደር ላይ አነጣጥረው ሳለ፣ «ፈረስ ማውጣት መርህ ነው» ብሎ ሌላ ፈረስ የሚያወጣ ተጫዋች በአራተኛው እርምጃ ማት ይሆናል። መርሁን አክብሯል፤ የሌላውን እጅ ግን አላየም።

የራሳችን ሰንጠረዥ ይህን ማየት ያስገድድ ነበር። ዛሬ ቃሉን የምናውቀው ቁጥር የምንደረድርበት ሆኖ ነው፤ የመመረቂያ ጽሑፍ የጻፈ ሁሉ «ሠንጠረዥ 1» ብሏል። ሪቻርድ ፓንክረስት ግን እ.ኤ.አ. በ1971 የጨዋታውን ታሪክና ሕግ ጽፈውልናል። አጀማመሩ ወረራ ይባላል። ተራ የለም! ሁለቱም በአንድ ጊዜ ጠጠሮቻቸውን ያንቀሳቅሳሉ፣ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ። ተራ መጠበቅ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

በእኔ ግምት ምክንያቱ ጠጠሮቹ አዝጋሚ መሆናቸው ነው። ወታደሩ ከመነሻውም አንድ ቤት ብቻ ይሄዳል፤ በዛሬዋ ንግሥት ቦታ የሚቆመውም በሰያፍ አንድ ቤት ነው። ንግሥቲቱና ቢሾፑ የዛሬውን ጉልበት ያገኙት በ15ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ አውሮፓ ውስጥ ነው፤ የተዝረከረከ አጀማመር በጥቂት እርምጃ የሚያስቀጣውም ከዚያ ወዲህ ነው። ሰንጠረዥ ላይ ሁለቱ ሠራዊቶች እስኪገናኙ ሰፊ ጊዜ ስላለ፣ ሁሉም ለመውጣት ዕድል ያገኛል። ታዲያ እጁ የፈጠነ ያሸንፋል ማለት አይደለም። ተጋጣሚው ወዴት እንደሚያደላ እያዩ የራስን አሰላለፍ ማስተካከል ነው ጨዋታው። ልጆቹን አንድ ቀን እንዲህ አጫወትኳቸው፤ መጀመሪያ ሳቁ፣ ቀጥሎ ዝም አሉ፣ ከዚያ ዓይናቸው ከራሳቸው ጠጠር ተነሥቶ ማዶ ማዶውን ማየት ጀመረ። ከስልክ የሚሸመደድ ነገር የለማ።

አንድ ነገር ልጨምር። እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት እ.ኤ.አ. በ1805 ትግራይ ውስጥ ራስ ወልደ ሥላሴ ከሹማምንታቸው ጋር ሲጫወቱ አይቶ ጽፏል። የሚመለከተው ሁሉ፣ ባሪያ ሳይቀር፣ ምክር ይሰጥ ነበር፤ ጠጠሩን አንሥቶ ጭምር ያሳይ ነበር። ራሱ እየተጫወቱ! እኛ ዘንድ ግን ሌሊቱን ሙሉ ከበሽተኛው ጋር ያደረው ኢንተርን፣ ጠዋት ታላላቆቹ ለጉብኝት ሲመጡ ከኋላ ቆሞ ጫማውን ያያል። መምህራኖቼ ይቅር በሉኝ፣ አሁን እኔም ከታላላቆቹ አንዷ ስለሆንኩ ለራሴም ነው የምናገረው። ካልወጣ ፈረስ አንቆጥረውም ወይ?

ከእናንተ መካከል አያቱ ወይም አጎቱ ሰንጠረዥ ሲጫወቱ ያየ ካለ፣ ወረራ ላይ ማንን አስቀድመው ያወጡ እንደነበር ይንገረኝ። በሕይወት ያሉ ካሉም ጠይቃችሁ ጻፉልኝ፤ የእኛ ቅዳሜ ቡድን ይሞክረዋል። ሰሌዳው በሩ አጠገብ ነው፣ ከምሳ በኋላ እንጠብቃችኋለን።