ማረሻውን ማን ሠራው?



ዛሬ የምንነጋገረው አብረው ስለሚሠሩ ሰዎች ነው። አስቀድመን ግን አንድ ነገር እንጠያየቅ። የምናርስበትን ማረሻ ማን ሠራው? የምንጋግርበትን ምጣድስ? የለበስነውን ጋቢስ ማን ሸመነው?

በጎንደር አገር ማረሻ ይቀጠቅጡና ምጣድ ይሠሩ ከነበሩት ብዙዎቹ ቤተ እስራኤሎች ነበሩ። ከሸማኔዎቹም ብዙዎቹ ሙስሊሞች ነበሩ። እኛ በማረሻቸው እያረስን፣ በምጣዳቸው እየጋገርን «ጠይብ ነው፣ ቡዳ ነው» እያልን እንሰድባቸው ነበር። ሰው ሲታመም «በልተውት ነው» አልን። ቤተ እስራኤሎች ርስት ስላልነበራቸው በሰው መሬት ላይ በጭሰኝነት ያርሱ ነበር።

ነገሩ የቆየ ነው። አፄ ፋሲል ጎንደርን የቆረቆሩት በ1628 ዓ.ም. ገደማ ነው። በነገሥታቱ ዘመን ግንቡን ከሠሩት ባለሙያዎች መካከል ቤተ እስራኤሎች ነበሩ። በ1660 ዓ.ም. ግን፣ በአፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ጊዜ፣ ሙስሊሞችና ቤተ እስራኤሎች ከክርስቲያኖች ተለይተው እንዲኖሩ ተወሰነ። በሥራ የተፈለገ ሰው ለጉርብትና ተጠላ ማለት ነው።

ይህን ለመለወጥ ብዙ ዘመን ፈጀ። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. ሙስሊሞች እኩልነት ይከበር ብለው በአዲስ አበባ ሰልፍ ሲወጡ፣ ክርስቲያኖችም አብረዋቸው ወጡ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. በወጣው የመሬት አዋጅ ጭሰኝነት ቀረ። በዚያው ዓመት የሙስሊሞች በዓላት ከአገሪቱ በዓላት ጋር ተቆጠሩ። ሕግ ብቻውን ግን ስድብን ከአፋችን አያወጣም። አብዛኞቹ ቤተ እስራኤሎች በ1977 እና በ1983 ዓ.ም. ወደ እስራኤል ሄዱ። የስድቡ ቃል ግን እዚሁ ቀረ።

አሁን ወደ ራሳችን ሥራ እንምጣ። ሰላም ሲሆን ከደባርቅ፣ ከዳባትና ከወገራ ደጋ ብዙ ሰው ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማ ይወርዳል። እዚያ አማራው፣ ቅማንቱ፣ አገውና ጉሙዙ፣ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ በአንድ ማሳ ይገናኛሉ። ሰሊጥ ጊዜ አይሰጥም። ከደረሰ በኋላ ከዘገየ ፍሬው ተከፍቶ ይረግፋል። ሠራተኞች በዘርና በእምነት ሲጣሉ ሰሊጡ ይረግፋል፤ ደመወዛቸውም አብሮ ይረግፋል።

ታዲያ ምን ይደረግ? ደቦን፣ ወንፈልንና ዕድርን እናውቃለን። የአንድ ማሳ ሠራተኞችም እንደዚሁ ማኅበር ይኑራቸው፤ በእነዚህ ነገሮች ላይም ይስማሙ።

አንደኛ፣ ስለ ቀን። ክርስቲያኑ በሚካኤልና በማርያም ዕለት ሥራ ሲፈታ፣ ሙስሊሙ ነዶውን ይጠብቅለት። ሙስሊሙ ዓርብ ቀትር ላይ ለስግደት ሲሄድ፣ ክርስቲያኑ ይጠብቅለት።

ሁለተኛ፣ ስለ ምግብ። ሥጋ ሲገኝ ሁሉም እንደ እምነቱ ለየብቻ ይረድ፤ ድስቱም ይለይ። ሽሮውን ግን አብረው ይብሉ።

ሦስተኛ፣ ስለ አፍ። በብሔረሰብ፣ በእምነት ወይም በትውልድ ስም የተሳደበ ሰው መቀጫ ይክፈል። መቀጫው ለታመመ ሰው ማሳከሚያ ይሁን። ወባ የማንንም ዘር አትጠይቅም።

አራተኛ፣ ስለ ተጠሪ። ከየወገኑ ሰው ይመረጥ። አንዱ በዘሩ ወይም በሃይማኖቱ ምክንያት ከሥራ ቢባረር ወይም ደመወዙ ቢጎድል፣ ሁሉም ተጠሪዎች አብረው ወደ አሠሪው ይሂዱ። የራሱ ወገን ብቻ ከሄደ «ለዘመዱ ነው» ይባላል። ሁሉም ከሄዱ ግን ቃላቸው ይሰማል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ም አሠሪ በሠራተኞች መካከል በብሔር፣ በፆታ ወይም በሃይማኖት ልዩነት እንዳያደርግ ይከለክላል። ጎንደር ከተማ ወርዶ በፋብሪካ ወይም በግንባታ ለሚቀጠር ልጃችሁም ይህንን ንገሩት።

ወገኖቻችን፣ ስምምነቱ በቃል ብቻ አይቅር። ቀድሞ ሌላው ጽፎልን በአውራ ጣታችን እንፈርም ነበር። ምን እንደተጻፈ የማናውቅበት ጊዜም ነበር። አሁን ማንበብና መጻፍ ችላችኋል። አራቱን ነገሮች በአንድ ወረቀት ላይ ጻፉ፤ ጮክ ብላችሁ አንብቡ፤ ያልተስማማበት ካለ ይናገር። ከዚያ እያንዳንዱ ስሙን በገዛ እጁ ይጻፍ።

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንላለን። ድሩን የፈተለችውንና ጋቢውን የሸመነውን ሰው ግን እየናቅን ይህን ተረት መተረት አይገባንም።