ድንቢጥ ያልናት ወፍ

(በካኩማ ካምፕ ለወላጆችና ለተማሪዎች ከተደረገ ንግግር የተወሰደ)



ዛሬ የምጀምረው የራሴን ስሕተት በማረም ነው። ከትምህርት ቤታችን ጀርባ ባሉት ግራሮች ላይ በጥቅምትና በኅዳር፣ ደግሞም በመጋቢትና በሚያዝያ የምናያትን ትንሽ ወፍ ድንቢጥ ናት ብዬ ሁለት ዓመት አስተምሬአለሁ። አይደለችም። ባለፈው ሳምንት አንድ የአምስተኛ ክፍል ልጅ በወንጭፍ የገደላትን ይዞልኝ መጣ። ልቆጣው ስል ምንቃሯን አየሁና ማስመሪያ አነሳሁ።

የድንቢጥ ምንቃር እህል የሚፈለፍል፣ አጭርና ወፍራም ነው። የዚህችኛዋ ግን እንደ መርፌ ቀጭን ነው፤ ምግቧ በቅጠል ሥር የሚደበቁ ነፍሳትና ሸረሪቶች ናቸውና። ርዝመቷ 11 ሴንቲ ሜትር ነው። ጀርባዋ ወደ አረንጓዴ ያደላ ቡናማ፣ ደረቷ ፈዘዝ ያለ ቢጫ ሲሆን ከዓይኗ በላይ እንደ ቅንድብ የነጣ መስመር አላት። እንግሊዞች ዊሎው ዋርብለር ይሏታል፤ ዊሎው አኻያ ማለት ነው።

ቺፍቻፍ የምትባል መንትያዋን የምትመስል ዘመድ አለቻት። የቺፍቻፍ እግር አብዛኛውን ጊዜ ጥቁር፣ የእኛይቱ ነጣ ያለ ቡናማ ነው። ነገር ግን በቅጠል መሐል እግር የሚያይ ማን ነው? ጆሮ ይሻላል። ቺፍቻፍ የገዛ ስሟን ደጋግማ ትጠራለች፤ የእኛይቱ ዜማ ከላይ ጀምሮ እየወረደና እየለሰለሰ ያልቃል። ጊልበርት ኋይት የተባለ እንግሊዛዊ ቄስ እ.ኤ.አ. በ1768 እነዚህን ተመሳሳይ ወፎች የለያቸው በድምፃቸው ነበር። ስለዚህ መነጽር የለንም ብላችሁ አትዘኑ።

የምትፈለፍለው በአውሮፓና በሰሜን እስያ፣ በሣር መሐል መሬት ላይ በምትሠራው ክዳን ያለው ጎጆ ነው። ብርዱ ሲመጣ ወደ አፍሪካ ትወርዳለች፤ የምትጓዘውም በአብዛኛው በሌሊት ነው። ከሳይቤሪያ ምሥራቅ ጫፍ የሚነሡት በአንድ ጉዞ ከ12 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ይበርራሉ። ክብደቷ ግን ሁለት የሻይ ማንኪያ ስኳር ያህል ነው! ከኋላ “እንደኛ ስደተኛ ናት” ያለ ሰው ሰማሁ። የለም ወንድሜ፣ እሷ በየዓመቱ አገሯ ትገባለች።

በረሃውን ከማቋረጧ በፊት አብዝታ በልታ ስብ ታጠራቅማለች፤ ስንቋ ያ ነው። ልጆች፣ ሥጋዋ አንድ ጉርሻ አይሞላም። እናቶች ሆይ፣ ማገዶ ከሌለ እራት እንደሌለ አውቃለሁ፤ የእኔም ቤት እንደዚሁ ነው። የምለምነው ከትምህርት ቤቱ ጀርባ የቀሩት አራት ግራሮች እንዲተዉልን ብቻ ነው።

ቅዳሜ ከጠዋቱ 12 ሰዓት እዚያው እንገናኝ። ወንጭፍ የያዘ ልጅ ወንጭፉን ለእኔ ሰጥቶ ይገባል።