ትእዛዝ በማን ስም ይተላለፋል?

ስለ ጦር አዛዥነትና ስለ ሕዝብ አስተዳደር ግንኙነት ለከተማ ነዋሪዎችና ለአስተዳደር ሠራተኞች የተደረገ ንግግር



ስለ ጦር አዛዥነት ጥናት የሚያደርጉ ሊቃውንት በየጊዜው የሚያነሡት አንድ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም ከአዛዥ አፍ የወጣ ትእዛዝ ሳይዛባ እስከ መጨረሻው ወታደር ድረስ እንዲደርስ የሚያደርገው ምንድን ነው? የሚል ነው። መልሱ ብዙውን ጊዜ በሬዲዮ፥ በስልክና በማዕረግ ተራ ይፈለጋል። የሐርጌሳ ከተማ ታሪክ ግን ሌላ መልስ ይሰጣል። ትእዛዝ የሚሄደው የታዘዘበት ስም እስከሚታመንበት ድረስ ነው፤ ስሙን የሚያስከብረው ደግሞ ሕዝቡና የሕዝቡ አስተዳደር ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ቀኖችና ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

በእንግሊዝ ይተዳደር የነበረው ሰሜናዊው ሶማሌላንድ ጁን 26 ቀን 1960 ነጻ ወጥቶ፥ ከአምስት ቀን በኋላ በኢጣልያ ሞግዚትነት ይተዳደር ከነበረው ከደቡቡ ጋራ ተዋሐደ። መንግሥት በአንድ ቀን ሊዋሐድ ይችላል፤ ጦር ግን እንደዚህ አይዋሐድም። ከሰሜኑ ወጣት መኰንኖች መካከል በእንግሊዝ አገር በሳንድኸርስት የጦር ትምህርት ቤት የተማሩ ነበሩ። የበላይ አለቃ ሆነው የተሾሙባቸው ግን የሚበዙት በኢጣልያ ሥርዐት የሠለጠኑ የደቡብ ሰዎች ሆኑ። የሶማልኛ ቋንቋ የመንግሥት ጽሕፈት ያገኘው በ1972 ስለ ሆነ፥ በዚያን ጊዜ የሰሜኑ መዝገብ በእንግሊዝኛ፥ የደቡቡ በኢጣልያንኛ ይጻፍ ነበር። በሁለት ቋንቋ ደብዳቤ የሚጻጻፍ መሥሪያ ቤት ውስጥ ያገለገለ ጸሐፊ የዚህን ነገር ክብደት ሳይነገረው ያውቀዋል። በጁን 1961 ሕገ መንግሥቱ ለሕዝብ ድምፅ በቀረበ ጊዜም በሐርጌሳ ድምፅ ከሰጡት ሰዎች የሚበዙት አልተቀበሉትም።

በዚያው ዓመት በዲሴምበር ወር በሐርጌሳ የነበሩት ወጣት መኰንኖች በሐሰን ቃይድ መሪነት ተነሡ። የደቡብ ተወላጆች የሆኑትን አለቆቻቸውን ያዙ፤ የሬዲዮ ጣቢያውንም በእጃቸው አደረጉ። ነገር ግን ወታደሩን የጠሩት በራሳቸው ስም አልነበረም። የጦሩ ዋና አዛዥ ጄኔራል ዳውድ ከነገሩ ጋራ መሆኑን ነግረውት ነበር። ነገሩ ሐሰት መሆኑ በታወቀ ጊዜ የበታች ሹማምንቱ ፊታቸውን አዙረው መኰንኖቹን ራሳቸው ያዙ፤ በግርግሩም አንድ መኰንን ሞተ። ሕዝቡ ቅሬታ እያለበት እንኳ ስለ እነርሱ አልተነሣም። ሬዲዮው፥ ማዕረጉና መሣሪያው ሁሉ በእጃቸው ሳለ የጐደላቸው የሚታመን ስም ነበር።

ልክ ከአንድ ዓመት በፊት፥ በዲሴምበር 1960፥ በአዲስ አበባ የሆነውም ከዚህ የራቀ አይደለም። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በብራዚል ጉብኝት ላይ ሳሉ ብርጋዴር ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ የክቡር ዘበኛን ጦር ሲያሰልፉ፥ ከወታደሮቹ ብዙዎቹ የወጡት ንጉሠ ነገሥታቸውን የሚጠብቁ መስሏቸው ነበር። በተበደረ ስም የተሰጠ ትእዛዝ ባለ ስሙ እስኪመለስ ድረስ ብቻ ይሠራል።

የሐርጌሳ መኰንኖች በ1963 ለፍርድ ቀርበው በአንድ እንግሊዛዊ ዳኛ ነጻ ተለቀቁ። ምክንያቱም ሁለቱን አገሮች የሚያዋሕደው ሕግ በሚገባ ያልጸና ሆኖ መገኘቱ ነበር። ወታደሩ ለማን እንደሚታዘዝ የሚወስነው ወረቀት በጽሕፈት ቤት ውስጥ ሳይስተካከል መቅረቱ ከመኰንኖቹ ጥፋት ይልቅ የሚያሳስብ ነው።

በ1988 የደረሰው ግን ከዚህ ሁሉ የከፋ ነው። በሜይ 31 ቀን የሶማሌ ብሔራዊ ንቅናቄ ተዋጊዎች ሐርጌሳ በገቡ ጊዜ፥ በጄኔራል ሞርጋን የሚታዘዘው የመንግሥት ጦር ከተማይቱን በመድፍ ደበደበ፤ አይሮፕላኖችም ከራሷ ከሐርጌሳ ማረፊያ እየተነሡ ቦምብ ጣሉባት። በወታደር ቋንቋ ካየነው የትእዛዙ ሰንሰለት አልተበጠሰም ነበር፤ የታዘዘው ሁሉ ተፈጽሟል። ነገር ግን በዚያ ሰንሰለት ላይ «ይህማ የራሳችን ከተማ ነው» ሊል የሚችል የሲቪል ባለሥልጣን አልነበረም። በመቶ ሺሕ የሚቈጠር ሕዝብ ድንበር ተሻግሮ በጅጅጋ አውራጃ በሐርተሼክ ተጠለለ። ዛሬ ከእነዚያ የጦር አይሮፕላኖች አንዱ በከተማይቱ መካከል ሐውልት ሆኖ ቆሟል።

በ1991 የሞቃዲሾ መንግሥት ሲወድቅ መሣሪያው በየጐሣው ወጣት እጅ ቀረ። አዛዥ ነኝ የሚለው ብዙ፥ የሚታዘዘው ጥቂት ነበር። በ1993 መጀመሪያ 150 ድምፅ ሰጪ ሽማግሌዎች በቦረማ ተሰብስበው ወራት የፈጀ ጉባኤ አደረጉ፤ በሜይ ወርም መሐመድ ኢብራሂም ኢጋልን መሪ አድርገው መረጡ። የጉባኤው የሰላም ቻርተር እያንዳንዱ ጐሣ በገዛ ምድሩ ላለው የታጠቀ ሰው ኀላፊ እንዲሆን ደነገገ። ይህ ለውጭ አገር ባለሙያ የዋህነት ሊመስለው ይችላል። ነገር ግን ሽማግሌው ታጣቂውን ከነአባቱ ስም ያውቀዋል፤ ወጣቱ ሰው ቢገድል ጉማውን የሚከፍለው ዘመዱ ሁሉ ነው። ከዚህ የሚበልጥ ተቈጣጣሪ መሥሪያ ቤት ማቋቋም እጅግ ያስቸግራል። አስተዳደሩም በበኩሉ ከነጋዴዎች ገንዘብ ተበድሮና የበርበራን ወደብ ቀረጥ ይዞ ለታጣቂዎቹ ቀለብና ደመወዝ አቀረበ፤ ያለ ቀለብ የሽማግሌ ቃል ብቻውን ብዙ ወራት ባልቈየም ነበር።

ሥራው ያለ እንከን አልሄደም። የሐርጌሳን አይሮፕላን ማረፊያ ይዘው ከመንገደኛ ገንዘብ ይቀበሉ የነበሩ ታጣቂዎች በ1994 ከመንግሥቱ ጦር ጋራ ተዋጉ፤ የከተማው ሕዝብም እንደ ገና ተሰደደ። እርቁ የተፈጸመው ከ1996 እስከ 1997 መጀመሪያ በሐርጌሳ በተደረገው ጉባኤ ነው።

በ2001 ሕገ መንግሥቱ ለሕዝብ ድምፅ ቀረበ። ሕገ መንግሥቱ የመከላከያ ሚኒስትሩ ሲቪል እንዲሆን ያዛል፤ ጉርቲ ለተባለው ለሽማግሌዎች ምክር ቤትም ስለ ሃይማኖት፥ ስለ ባህልና ስለ ጸጥታ በሚወጡ ሕጎች ላይ የተለየ ኀላፊነት ይሰጠዋል። ድምፅ የተሰጠበትም ቀን ሜይ 31 ነበር፤ ጦርነቱ ሐርጌሳ ከገባ 13 ዓመት የሞላበት ቀን።