እንሰትና አዳሪ ትምህርት ቤት

የዛሬው ቃል «አዳሪ ትምህርት ቤት» ነው።

አዳሪ ትምህርት ቤት ተማሪው የሚማርበት ብቻ ሳይሆን የሚኖርበትም ነው። እንዴት ቢሉ፣ በጋሞ ዞን የጨንቻን ገበሬ ይመልከቱ። የእንሰት ችግኙን መጀመሪያ አንድ ላይ እየተንከባከበ ያሳድገዋል። ከዚያ ነው ነቅሎ ወደ ሰፊው ማሳ የሚያዛውረው። ተክሉ ለቆጮ እስኪደርስ ደግሞ ዓመታት ይፈጃል። አዳሪ ትምህርት ቤትም ልጆችን እንዲሁ አንድ ላይ ተንከባክቦ ያሳድጋል።

አሁን ወደ አዲስ አበባ እንሻገር። እቴጌ መነን አስፋው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1931 አዳሪዎችንም የሚቀበል የልጃገረዶች ትምህርት ቤት ከፈቱ። ያኔ ትምህርት በአብዛኛው የወንድ ልጅ ነበር። ሴት ልጅ ውኃ ትቀዳለች፣ እንጨት ትለቅማለች፣ በልጅነቷ ትዳራለች። ታዲያ አዳሪ ትምህርት ቤት ምን ሰጣት? ጊዜ! ለማጥናት፣ ለማሰብ፣ ከእኩዮቿ ጋር ለማደግ የሚሆን ጊዜ። ይህ ትልቅ ስጦታ ነበር።

ብዙም ሳይቆይ ጣሊያን አገሪቱን ወረረ፤ ትምህርት ቤቱም ተዘጋ። ከነጻነት በኋላ እንደገና ተከፈተ።

ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በኋላ ደግሞ ስሙ ተለውጦ «የካቲት 12» ተባለ። ቀኑ በ1929 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ በፋሺስቶች የተጨፈጨፉ ሰማዕታት የሚታሰቡበት ነው። ሐውልታቸውም እዚያው አዲስ አበባ፣ ስድስት ኪሎ ቆሟል።