ቤትን አስከትሎ ወደ ሰሜን፤ የዴምፕስተር አውራ ጎዳና ትምህርት



ከመኪናው ኋላ ተሳቢ ቤት አስከትሎ የሚጓዝ ሰው የጎደለው ነገር ያለ አይመስለውም። አልጋው፣ ምድጃው፣ የውኃ በርሜሉና ስንቁ አብረውት ይጓዛሉ። ይህ መተማመን ማደያና ጋራዥ በየከተማው በሚገኝበት አገር ብዙም ጉዳት የለውም። ሰው በማይኖርበት ሰሜናዊ ምድር ግን አደጋ የሚጀምረው ከዚሁ መተማመን ነው። የዚህ ንግግር ዓላማ ነገሩን በአንድ መንገድ ምሳሌነት ማስረዳት ሲሆን፣ እርሱም በሰሜን ምዕራብ ካናዳ የሚገኘው የዴምፕስተር አውራ ጎዳና ነው። የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

መንገዱ በዩኮን ግዛት ከዶሰን ከተማ አጠገብ ተነሥቶ፣ የኦጊልቪንና የሪቻርድሰንን ተራሮች አቋርጦ፣ 740 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ ኢኑቪክ ይደርሳል። ሥራው በ1959 ተጀምሮ በ1979 ተመረቀ። በ2017 ደግሞ ከኢኑቪክ እስከ ቱክቶያክቱክ ያለው ተጨማሪ መንገድ ተከፍቶ ተሽከርካሪ እስከ አርክቲክ ውቅያኖስ ዳርቻ ለመድረስ ችሏል።

በዚያ አገር ከላይኛው ስስ አፈር በታች ያለው መሬት ዓመቱን ሙሉ በረዶ ነው። ይህን በረዶ ከበጋ ሙቀት የሚጠብቀው በላዩ የበቀለው ሽበት መሰል ሣርና ቅጠላ ቅጠል ነው። በ1942 የአሜሪካ ጦር መሐንዲሶች የአላስካን አውራ ጎዳና ሲሠሩ ይህን ልባስ በቡልዶዘር በገፈፉባቸው ቦታዎች በረዶው ቀልጦ መሬቱ ማጥ ሆነ፤ መኪናና መሣሪያም ዋጠ። ከዚያ በተገኘው ትምህርት መሠረት፣ በዴምፕስተር ላይ መሬቱ ሳይገፈፍ ከ1.2 እስከ 2.4 ሜትር ውፍረት ያለው የጠጠር ሙሌት ተደለደለበት። የሙሌቱ ተግባር ተሽከርካሪን መሸከም ብቻ አይደለም፤ የመሬቱን ቅዝቃዜ ጠብቆ ማቆየትም ነው። ስለዚህ የዚያ መንገድ ጽናት በብርድ ላይ የቆመ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ይኸው ጠጠር ለተሳቢ ቤት ብርቱ ፈተና ነው። በብዙ ቦታ ድንጋዩ ስለታም ስለሆነ ጎማ ይበሳል። ሲደርቅ አቧራው በየቀዳዳው ይገባል፤ ሲዘንብ ደግሞ መንገዱ ያንሸራትታል፤ ጭቃውም በተሳቢው ሆድ ላይ ተጋግሮ ይደርቃል። ልምድ ያለው መንገደኛ ስለዚህ ቢያንስ ሁለት ስኮርታ ጎማ፣ ክሪክና የአየር ፓምፕ ይይዛል። ከታች የተዘረጉትን የውኃና የጋዝ ቧንቧዎች ከሚፈናጠር ጠጠር ይከልላል። ከተሳቢው ክብደት ከመቶ 10 እስከ 15 እጅ ያህሉ በማያያዣው ላይ እንዲያርፍ አድርጎ ይጭናል፤ ጭነቱ ወደ ኋላ ካዘነበለ ተሳቢው እየተወዛወዘ መኪናውን ጭምር ከመንገድ ሊያወጣ ይችላልና። ከመገንጠያው እስከ ኢግል ፕሌንስ ባለው 369 ኪሎ ሜትር ነዳጅ አይገኝም። ተሳቢ የሚጎትት መኪናም ከልማዱ አብልጦ ስለሚጠጣ፣ ትርፍ ጀሪካን መያዝ ግድ ይሆናል።

መንገዱ ስሙን ያገኘው ትርፍ ካለመያዝ ከመጣ አሳዛኝ ታሪክ ነው። በታኅሣሥ 1910 ኢንስፔክተር ፍራንሲስ ፊትዝጀራልድ ሦስት ሰዎች አስከትሎ፣ ፖስታ ይዞ፣ በውሻ በሚጎተት ተንሸራታች ጋሪ ከፎርት ማክፐርሰን ወደ ዶሰን ተነሣ። ፈጥኖ ለመድረስ ሲል ስንቁን አሳነሰ። አገሩን የሚያውቀውን የግዊችን ተወላጅ መሪም ከመንገድ አሰናበተ፤ የታመነውም ያን ጉዞ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ያውም በተቃራኒው አቅጣጫ፣ ባደረገ ሰው ላይ ነበር። መታጠፊያው ወንዝ ጠፋባቸው። ወደ ኋላ ሲመለሱ ውሾቻቸውን እያረዱ በሉ፤ በመጨረሻም አራቱም አለቁ። በመጋቢት 1911 አስከሬናቸውን ያገኘው ኮርፖራል ዴምፕስተር፣ የግዊችን መሪ ይዞ የወጣ ነበር። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የሚለው የአገራችን ተረት ለዚህ ይስማማል።

ዛሬም ቢሆን ጊዜን የሚወስነው መንገደኛው አይደለም። የፒልና የማኬንዚ ወንዞች ድልድይ የላቸውም። በበጋ በጀልባ፣ በክረምት በበረዶው ላይ ይታለፋሉ፤ በረዶው በሚፈርስበትና በሚጠነክርበት ወቅት ግን ለሳምንታት መሻገሪያ የለም። በበጋም የወንዙ ሙላት ጀልባውን ሊያቆመው ይችላል። ተሳቢውን በወንዝ ዳር አቁሞ የሚጠብቅ ሰው በዕቅዱ ውስጥ ትርፍ ቀን ካላስገባ፣ በኋላ ጊዜውን ለማካካስ ይሮጣል፤ ጎማውና ማያያዣውም የሚሰበሩት ያን ጊዜ ነው።

በመጨረሻ አንድ ሙያዊ ጉዳይ ሊታሰብበት ይገባል። የሰሜኑ አየር እየሞቀ በመሄዱ በፒል ወንዝ አካባቢ በረዶ ያዘለው መሬት እየቀለጠ ይናዳል፤ የመንገዱም ወለል በየቦታው ይሰምጣል፤ ይሰነጠቃልም። መሐንዲሶች መሬቱ በረዶ ሆኖ እንደሚቆይ ቆጥረው የወሰኑት የሙሌት ውፍረት እንደገና መመርመር ግድ ሆኗል። በ1910 ስንቅ ያሳነሱት ሰዎችና ነገሮች እንዳሉ ይቀጥላሉ ብሎ የሚነድፍ መሐንዲስ ስሕተታቸው አንድ ነው፤ ሁለቱም ላልታሰበው ነገር ቦታ አልተዉም። ትርፍ ጎማ፣ ትርፍ ነዳጅና ትርፍ ቀን ለመንገደኛ ብክነት እንዳልሆኑ ሁሉ፣ በንድፍ ውስጥ የሚቀመጥ ትርፍ አቅምም ብክነት አይደለም። አገሩን የሚያውቀውን ሰው ጠይቆ መነሣትም እንዲሁ የሥራው አንድ ክፍል ነው።