ካርዱ 2 ዓመት ያገለግላል፤ እጃችንስ?
በምሩቃን መገናኛ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር



አዘጋጆቹ ስለ ሥራዬ እንድናገር ሲጠይቁኝ ስለ ትልልቅ በሽታዎች የማወራ መስሏቸው ይሆናል። እኔ የመረጥኩት ግን አንዲት ትንሽ ፈተና ነች። ሐኪም ያልሆናችሁም መሐንዲሶች፣ መምህራን፣ የሕግ ባለሙያዎች አብራችሁን እንድትሆኑ እፈልጋለሁ፤ ጉዳዩ እናንተን ይበልጥ ይመለከታልና።

አየር ጤና በምሠራበት ክሊኒክ ቅዳሜ ከሰዓት ወጣት ነርሶች፣ ጤና መኮንኖችና አዳዲስ ሐኪሞች ይሰበሰባሉ። የሚለማመዱት ቢ.ኤል.ኤስ. የሚባለውን፣ በአማርኛ መሠረታዊ የሕይወት ማዳን ክህሎት ልንለው የምንችለውን ነው። አንዱ ለቅጥር፣ ሌላው ውጭ አገር ሄዶ ለመሥራት ሰርተፊኬቱ ያስፈልገዋል። የአሜሪካ የልብ ማኅበር የጽሑፍ ፈተና 25 ጥያቄዎች አሉት፤ ለማለፍ 84 ከመቶ ማምጣት ያስፈልጋል። በተጨማሪም በአሻንጉሊት ላይ በተግባር ማሳየት ግድ ነው። ካርዱ የሚያገለግለው ለ2 ዓመት ነው።

ለጽሑፉ የሚሸመደዱት ቁጥሮች ብዙ አይደሉም። በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ ደረትን መጫን። የአዋቂን ደረት ቢያንስ 5 ሴንቲ ሜትር፣ ከ6 ሳይበልጥ ማውረድ። 30 ጊዜ ተጭኖ 2 ጊዜ ትንፋሽ መስጠት። ትንፋሽና የልብ ትርታ ለማየት ከ10 ሰከንድ በላይ አለመቆየት። ይህን ለመያዝ አንድ ምሽት ይበቃል። እጅ ግን በአንድ ምሽት አይማርም።

ለምሳሌ ቆጠራውን እንውሰድ። ልጆቹ በአማርኛ ሲቆጥሩ እስከ አሥር ድረስ ፍጥነታቸው ጥሩ ነው። "አሥራ ሰባት፣ አሥራ ስምንት" ላይ ሲደርሱ ቃሉ ይረዝማል፣ ምላስ ይተሳሰራል፣ እጅም ምላስን ተከትሎ ይዘገያል። ስለዚህ ከአንድ እስከ አሥር ሦስት ጊዜ እንዲቆጥሩ አደርጋለሁ፤ ወዲያው ይስተካከላል። ሁለተኛው ነገር መልቀቅ ነው። ሁሉም ለመጫን ይጓጓል፤ ደረቱ ሙሉ በሙሉ ወደ ቦታው ካልተመለሰ ግን ልብ በደም አይሞላም፣ ቀጥሎ ብንጫን የሚገፋ ነገር የለም። ሦስተኛው ጉልበት ነው። ክርን ቀጥ ብሎ፣ ትከሻ ከእጅ በላይ ሆኖ በሰውነት ክብደት ከተጫኑ ቀጭኗም ልጅ ትችላለች። እንዲያም ሆኖ በየ2 ደቂቃው መቀያየር አለ፤ "እኔ አልደከመኝም" የሚል ሰው እጁ ደክሞ እንደሆነ አይታወቀውም።

አሁን ከመማሪያ ክፍሉ ወጥተን አየር ጤና አደባባይ እንቁም። ማታ 12 ሰዓት ላይ፣ የታክሲው ሰልፍ በተጠማዘዘበት ሰዓት፣ አንድ ሰው ድንገት ቢወድቅ ምን እናደርጋለን? አንዱ ውሃ ያፈሳል፣ አንዱ ክብሪት ለኩሶ ያሸትተዋል፣ አንዱ "ዞር በሉ፣ አየር ይግባለት!" ይላል። ሁሉም የሚያደርገው ከደግ ልብ ነው። ግን ደረቱን የሚጫን የለም።

በጣም የሚያሳስበኝ ደግሞ አንድ ቃል ነው፤ "ጣር"። ልቡ የቆመ ሰው በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች አልፎ አልፎ አፉን ከፍቶ እንደ ማንኮራፋት ወይም እንደ መቃተት ያለ ድምፅ ሊያሰማ ይችላል። እኛ ይህን ስናይ "እያጣጣረ ነው፣ ነፍሱ እየወጣች ነው፣ አትንኩት" እንላለን። ወይም ደግሞ "ይተነፍሳል፣ ደህና ነው" ብለን እንተወዋለን። ሁለቱም ሰውየውን ያሳጡናል። ይህ ትንፋሽ አይደለም፤ ልብ መቆሙን የሚነግር ምልክት ነው። ጠርተነው የማይመልስ፣ በወጉ የማይተነፍስ ሰው ካየን እጃችን ወዲያው ደረቱ ላይ መሆን አለበት። ከዛሬው ንግግሬ አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ ብትሄዱ ይህንን ያዙልኝ፦ ጣር የመሸሻ ሳይሆን የመጀመሪያ ሰዓት ነው።

ለምን ይቸኮላል? ልብ ከቆመ በኋላ አንጎል ከ4 እስከ 6 ደቂቃ ውስጥ መጎዳት ይጀምራል። የቀይ መስቀልን አምቡላንስ በ907፣ የከተማውን እሳትና ድንገተኛ አደጋ በ939 እንደውል፤ መደወል ግዴታችን ነው። ነገር ግን የጅማን መንገድ በሥራ መውጫ ሰዓት የምታውቁት ሁሉ ሂሳቡን ራሳችሁ ሥሩት። አለርት ሆስፒታል ቅርባችን ነው እንኳ ብንል በ4 ደቂቃ የሚደርሰው አጠገቡ የቆመው ሰው ብቻ ነው።

ይሄ ሐሳብ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1960 ጆንስ ሆፕኪንስ የነበሩት ኩወንሆቨን፣ ጁድና ኒከርቦከር ደረት ሳይከፈት ልብን ከውጭ በእጅ በመጫን ደም ማዘዋወር እንደሚቻል በጽሑፍ አሳወቁ። በዚያው ዓመት አስሙንድ ሌርዳል የተባለ ኖርዌያዊ የአሻንጉሊት ሠሪ የመለማመጃዋን አሻንጉሊት "አን"ን ለዓለም አቀረበ። ልብ በሉ፤ የእውቀቱ ትልቅነት መሣሪያ የማይፈልግ መሆኑ ላይ ነው። በአገራችንም የድንገተኛ ሕክምና ስፔሻሊቲ ትምህርት እ.ኤ.አ. በ2010 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተጀምሯል። ሆስፒታሉ በኩል ያለው ሰንሰለት እየጠበቀ ነው፤ የመንገዱ ቀለበት ግን ገና ላላ ነው።

እውነቱን መደበቅ አልፈልግም። ደረት መጫን ሙታንን ማስነሳት አይደለም። ልብን በኤሌክትሪክ የሚያስተካክለው ዲፊብሪሌተር በየአደባባዩ በሌለበት ብዙዎቹ አይመለሱም። "ታዲያ ለምን እንልፋ?" የሚል ጥያቄ ከልጆቹም ይመጣል። መልሴ ይኸው ነው። በብየዳ ላይ ኤሌክትሪክ የያዘው ወጣት አለ፤ መጀመሪያ ኃይሉን ማጥፋት፣ ከዚያ መጀመር። ውሃ የወሰደው ልጅ አለ፤ ለእሱ ትንፋሹም እንደ መጫኑ ወሳኝ ነው። ቆሎ ወይም ለውዝ ጉሮሮው የዘጋው ሕፃን አለ፤ መሳልና ማልቀስ ካቃተው በግንባሩ ክንዳችን ላይ አስደግፈን፣ ጭንቅላቱን ዝቅ አድርገን 5 ጊዜ ጀርባውን መምታት፣ ገልብጠን 5 ጊዜ ደረቱን መጫን፣ እስኪወጣ መደጋገም። ዓመት ላለፈው ልጅና ለአዋቂ ደግሞ ከጀርባ ምቱ ቀጥሎ የሚጫነው ከእምብርት በላይ ያለው ሆድ ነው። ለእነዚህ ሁሉ ማሽን አይጠበቅም።

ሌላም የምናፍርበት ነገር አለ። የወደቀችው ሴት ስትሆን ደረቷ ላይ እጅ ማሳረፍ ይከብደናል። በሌሎች አገሮች በተደረጉ ጥናቶችም አደባባይ ላይ የወደቁ ሴቶች ይህን እርዳታ የሚያገኙት ከወንዶች ባነሰ መጠን ነው። ነጠላዋን ከላይ ጣል አድርጎ መጫን ይቻላል። ክብሯ በሕይወት ስትኖር ነው።

ወደ ካርዱ ልመለስ። 2 ዓመት ያገለግላል ብያለሁ፤ ክህሎቱ ግን ካልተለማመዱት ከ3 እስከ 6 ወር ባለው ጊዜ መደብዘዝ እንደሚጀምር በተደጋጋሚ ታይቷል። ስለዚህ ለባልደረቦቼ ሐኪሞች፦ ካርዱ ኪሳችሁ ውስጥ ስላለ አትተማመኑ፤ በየሦስት ወሩ 10 ደቂቃ በቂ ናት። ለመምህራኖቻችን፦ ተማሪን ሁሉ፣ የምህንድስናውንም የቋንቋውንም፣ ሳይመረቅ በፊት አንድ ግማሽ ቀን አሻንጉሊት ፊት አንበርክኩልን። ውጭ ላላችሁ ምሩቃን፦ ስትመጡ ሻንጣችሁ ውስጥ አንድ የመለማመጃ ደረት ብትጨምሩ ከሽቶው ይበልጥ ያስደስተናል።

የመጨረሻው ለሁላችንም ነው። ሁላችንም እድር አለን። እድራችን ድንኳን አለው፣ ወንበር አለው፣ ትልቅ ድስት አለው፤ ሰው ሲሞት የሚጎድለን የለም። እኛ ሰፈር አንድ የእድር ዳኛን ለስብሰባው ግማሽ ሰዓት ስጡኝ ብዬ ለመንኳቸው። "ዶክተር፣ እኛ ሽማግሌዎቹ እንችለዋለን እንዴ?" አሉኝ። "ጋሼ፣ ጉልበትዎ መንበርከክ ከቻለ ይችላሉ፤ ካልቻለም 'ተጫን! ልቀቅ!' እያሉ ይቆጥሩልናል" አልኳቸው። በዚያው እሑድ እናቶች ነጠላቸውን አደግድገው ተራ ይዘው ተጫኑ። ሰርተፊኬት የጠየቀ ሰው አልነበረም።

እንግዲህ እኔ የምጠይቃችሁ ቀላል ነው። እያንዳንዳችሁ ወደየሰፈራችሁ ስትመለሱ ከእድራችሁ አንድ እሑድ ለምኑ። አሠልጣኝ ያጣ ይደውልልን፤ አየር ጤና ያሉት የቅዳሜ ልጆች ይመጣሉ፣ ለእነሱም ልምምድ ነው።