የወንድምን ምሥጢር መጠበቅ
(በሜክሲኮ አካባቢ ለካህናትና ለሰበካ ጉባኤ አባላት በተዘጋጀ የምክክር መርሐ ግብር ላይ የቀረበ ንግግር)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



የተሰበሰብንበት ሰፈር ሜክሲኮ መባሉ ያለ ምክንያት አይደለም። ፋሽስት ኢጣልያ አገራችንን በወረረ ጊዜ ብዙ መንግሥታት ወረራውን አምነው ሲቀበሉ፣ ሜክሲኮ አልቀበልም ካሉት ጥቂቶች አንዷ ነበረችና አደባባዩ ለውለታዋ መታሰቢያ ሆነ። ዛሬ የምናነሣውም ብዙዎች ወደ አንድ ወገን ሲሮጡ ቆም ብሎ ማሰብን የሚጠይቅ ነገር ነው፤ ይኸውም ወደ ተመሳሳይ ጾታ የሚስብ ስሜት እያለባቸው በመካከላችን ስለሚያገለግሉ ክርስቲያኖች ነው።

አስቀድመን ግልጽ እናድርግ። የቤተ ክርስቲያናችን ትምህርት የታወቀ ነው፤ ጋብቻ በአንድ ወንድና በአንዲት ሴት መካከል የሚፈጸም ምሥጢር ነው። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግም በአንቀጽ 629 ድርጊቱን ይከለክላል። በዚህ ላይ ለመከራከር አልቆምንም። የምንጠይቀው ሌላ ነው፦ እንዲህ ያለ ሰው ወደ ንስሐ አባቱ ሲመጣ፣ ወይም ስሙ በሐሜት ሲነሣ፣ እኛ ምን እናደርጋለን?

ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ ደብር አንድ ወጣት የአልጋ ቁራኛ የሆኑ ሕሙማንን በየቤታቸው እየዞረ ያጥብና ይመግብ ነበር። አንድ ቀን ከስልኩ የተነበበ መልእክት ከአፍ ወደ አፍ ተላለፈ። ኮሚቴው ሳይጠራው፣ ሳይጠይቀው በአንድ ስብሰባ ከአገልግሎት አሰናበተው። እኛም በዚያ ስብሰባ ነበርን፤ ዝም አልን። በሳምንቱ አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት «ያ ልጅ ምነው ቀረ? ቁስሌን ሳይጸየፍ የሚያጥብልኝ እርሱ ነበር» ሲሉን መልስ አጣን። ዘግይተን ልንጠይቀው በሄድን ጊዜ፣ ስሜቱን ከልጅነቱ ጀምሮ በጾምና በስግደት እንደሚታገለው፣ ለንስሐ አባቱም እንደነገራቸው፣ እርሳቸውም አገልግሎቱን እንዳይተው እንደመከሩት አጫወተን። «የሠራሁትን ለካህን ነገርኩ፤ ያልሠራሁትን ግን ሰፈሩ ነገረኝ» አለን። ከዚያ ወዲህ በቅዳሴ አላየነውም። ይህ የእርሱ ብቻ ሳይሆን የእኛም በደል ነው።

ካህኑ ምሥጢሩን ጠብቀዋል፤ ያፈሰስነው እኛ ነን። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የሰዎች ስምና ፎቶግራፍ በቲክቶክ እየተለጠፈ ለጥቃት የሚያነሣሡ ቪዲዮዎች ሲሰራጩ አይተናል። በዚያ ወጀብ ውስጥ ከሰበካ ጉባኤ የወጣች አንዲት ቃል ሰውን ልታስገድል ትችላለች።

ይህን መንገድ ከዚህ በፊትም ሄደንበታል። ኤች.አይ.ቪ በአገራችን በተስፋፋ ጊዜ ሕሙማኑን እንደ ተረገሙ ቈጥረን ሸሸን፤ እነርሱም ተደበቁ፤ ተደብቀውም ሞቱ። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. ጠበልና መድኃኒት እንደማይቃረኑ በእንጦጦ ማርያም በይፋ ሲያስተምሩ ግን ብዙዎች ሁለቱንም ይዘው ለመዳን በር ተከፈተላቸው። ያስተማረን ነገር ይህ ነው፤ ነውር ሰውን ከካህኑም ከሐኪሙም ያርቃል።

ስለ ሰዶም ስንናገርም ነቢዩ ሕዝቅኤል በምዕራፍ 16 የዘረዘረውን አንዘንጋ። ከርኩሰቷ ጋር ትዕቢቷን፣ ጥጋቧን፣ የድኻውንም እጅ አለመያዟን ይቈጥርባታል። ቁስል የሚያጥበውን አባርሮ ቁስለኛዋን ያለ ረዳት የተወ ኮሚቴ ይህን ምዕራፍ ለሌላው ብቻ ሊያነብ አይችልም።

አባ ሙሴ ጸሊምንም እናስብ። በአስቄጥስ ገዳም በአንድ ወንድም ላይ ሊፈርዱ ጉባኤ በተጠራ ጊዜ፣ የተቀደደ ቅርጫት አሸዋ ሞልተው ተሸክመው መጡ። ምንድን ነው ቢሏቸው፣ ኃጢአቴ ከኋላዬ እየፈሰሰ ሳላየው በሌላው ልፈርድ መጣሁ ብለው መለሱ። ጉባኤውም ያን ወንድም ይቅር አለው።

ስለዚህ ለየሰበካችሁ አራት ነገር እናሳስባለን። አንደኛ፣ የኑዛዜ ነገር በንስሐ አባትና በልጁ መካከል ይቅር፤ ኮሚቴ አይጠይቀው፣ ካህንም አይመልስለት። ሁለተኛ፣ ሐሜት ክስ አይደለምና በቃለ ጉባኤ አይመዝገብ፤ ጌታችን በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 18 እንዳስተማረን መጀመሪያ ለብቻው እናነጋግረው። ሦስተኛ፣ የሚታገልን ሰው ስሜቱ ብቻ ከምጽዋት፣ ከሕሙማን ጥየቃና ከበጎ አድራጎት አያስወጣው፤ ሥርዐተ ክህነትን የሚመለከተውን ግን ሊቃነ ጳጳሳት እንደ ቀኖናው ይመልከቱት። አራተኛ፣ በሕፃን ወይም በተገደደ ሰው ላይ የሚፈጸም በደል ከዚህ ጋር አይቀላቀል፤ ያ፣ አድራጊው ማንም ይሁን ማን፣ ሳይሸፋፈን ለሕግ ይቅረብ። ሁለቱን ያቀላቀለ ንጹሑን ይጐዳል፤ ጥፋተኛውንም ያስመልጣል።

ያ ወጣት የት እንዳለ እናውቃለን፤ አሁንም ስልካችንን ያነሣል። ባለፈው ጾመ ፍልሰታ «የእነዚያ እናት ቁስል ዳነላቸው?» ብሎ ጠየቀን። ቤተ ክርስቲያን ለእርሱ የተዘጋች መስላው ሳለ እርሱ ገና የቤተ ክርስቲያንን ሥራ ያስባል። እኛ በዝምታ የዘጋነውን በር፣ አባቶቻችን፣ እናንተ በቃላችሁ ትከፍቱት ዘንድ እንለምናለን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።